የጦርነቷ ጀልባና የእኔ ኮላ

መቀመጥ አልችልም። ኮሮና እንዳይዘኝ ብላ ልጄ ሊንደን በሚባለው የፈረንጅ ሰፈር ያለው አፓርታማዋ ውስጥ ያንን ብርድ በሙሉ ዘግታብኝ ከረመች። የወጥ ቤቱን ቁም ሣጥን በሮች አንድ በአንድ ነቅዬ መልሼ ገጠምኳቸው። አንዱም የተበላሸ አልነበረም። በመጨረሻ ምርር ሲላት፣ ነገ ከእኔ ጋር ሥራ ትሄዳለህ አለችኝ።

ሥራዋ በየቤቱ እየሄዱ ሽማግሌ መጦር ነው። ያን ጊዜ የምትጦረው ሂልቶፕ የሚባል ሰፈር የሚኖር፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ እጁ የሚንቀጠቀጥ ፈረንጅ ነበር። ከቤቱ ጀርባ የቆርቆሮ መጋዘን አለው። ስገባ ውስጡ ጀልባ ቆማለች። ባሕር በሌለበት አገር ጀልባ። የእንጨት ናት፣ ሞተር ያላት፣ መኝታም ወጥ ቤትም ያላት፣ የድሮ ሀብታሞች ይዝናኑባት የነበረች ዓይነት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መንግሥት ከባለቤቷ ወስዶ፣ ግራጫ ቀብቶ፣ ከፊቷ መትረየስ ተክሎ፣ የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ እንዳይጠጋ እንድትጠብቅ አሰማርቷት ነበር። የሰውየው አባት እሷ ላይ ወታደር ነበር። ሰውየው ካረጀች በኋላ ፈልጎ አግኝቶ፣ ሃያ ዓመት ሲያድሳት ኖሮ፣ ጥቂት ሲቀረው እጁ ከዳው።

እኔ አናጢ ነኝ። ዕድሜዬን በር፣ መስኮትና አልጋ ስሠራ ነው የኖርኩት። ልጄ ይህን ስትነግረው መላጊያውን አንስቶ ሰጠኝ።

የቀረው ሥራ የሆዷ ጣውላዎች መጋጠሚያ ነበር። ደረቅ ላይ ስለቆየች እንጨቱ ሟሽሾ በየመሃሉ ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት ነበረው። ሰውየው ወንበሩ ላይ ሆኖ አሳየኝ። ጥጥ በስሱ ትጠቀጥቃለህ፣ ከላይ ለስላሳ ስቱኮ ትቀባለህ፣ በቃ፣ ሌላ ነገር እንዳትጨምር አለኝ። ውሃ ሲነካው እንጨቱ አብጦ ራሱ ይዘጋዋል ነው የሚለው፣ አለችኝ ልጄ።

በሆዴ ሳቅሁበት። ቀዳዳ ትቶ ጀልባ? እኔ በሠራሁት በር እንኳን ውሃ ነፋስ አይገባም። ቀኝ ጎኗን እያየኝ በእሱ መንገድ ሠራሁለት። ወደ ግራው ስንዞር ግን ከምሳ በኋላ እንቅልፍ ይወስደው ነበር። እሱ ሲያንኮራፋ እኔ ሰጋቱራ በኮላ እየለወስኩ መጋጠሚያውን ሁሉ ሞላሁት። ድንጋይ ሆነ። ከላይ ስቱኮውን ቀባሁበት፣ አይታወቅም።

ከዚያ ልጄን ሳል ጀመራትና አሥር ቀን ከቤት እንዳንወጣ ተባልን። ትሬለሩ መጥቶ ጀልባዋን ወደ ሐይቅ የሚወስድበት ቀን ተቆርጧል። እኔ እዚህ ግድግዳ እቆጥራለሁ። ማን ትክክል እንደሆነ ማሳየት አማረኝ። ከመጋዘኑ ይዤ ከመጣሁት የጣውላ ቁራጭ ሦስቱን እንደ ጀልባዋ ጎድን ባደረግሁት አንድ አግዳሚ እንጨት ላይ መታኋቸው፣ መሃላቸውን በሰጋቱራና ኮላ ጠቀጠቅሁ፣ መታጠቢያ ገንዳው ውስጥ ዘፈዘፍኩት። ልጄ ገላዋን ስትታጠብ እያወጣች መልሳ ትከተዋለች። "ሰው ሽምብራ ይዘፈዝፋል፣ የእኔ አባት ጣውላ" እያለች።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት ገንዳው ውስጥ ጧ አለ። ጣውላዎቹ አብጠው መሄጃ ሲያጡ ተገፋፍተው ጎብጠዋል። ኮላዬ ንቅንቅ አላለም። አግዳሚው ግን ለሁለት ተሰንጥቋል፣ ሚስማሮቹም ወጥተው ጥርሳቸውን ያሳዩኛል። ገንዳው ጠርዝ ላይ ቁጭ አልኩ። ሰው ሃያ ዓመት የለፋባትን፣ ጦርነት ያልገደላትን ጀልባ፣ እኔ ውሃ ውስጥ ጎድኗን ልሰብራት ነው።

ለልጄ ነገርኳትና ንገሪልኝ አልኳት። ፊቷ ተለዋወጠ።

"አልነግረውም። ሥራዬን ታሳጣኛለህ፣ አባዬ። ስቱኮ ተቀብቶበታል፣ ማን ያውቃል?"

"እኔ አውቃለሁ።"

"እንግዲያው ራስህ ንገረው፣ በእንግሊዝኛህ።"

እንግሊዝኛዬን ታውቀዋለች፤ ሰላምታና የአውቶቡስ ቁጥር ነው።

አሥሩ ቀን ሲያልቅ የተሰነጠቀውን እንጨት በፌስታል ይዤ ሄድኩና ሰውየው ጭን ላይ አስቀመጥኩት። ደረቴን መታሁ፣ ከዚያ የጀልባዋን ግራ ጎን በጣቴ አሳየሁት። እንጨቱን አገላብጦ አየው፣ ኮላውን በጥፍሩ ፋቀው። ከዚያ ያለውን ልጄ አልተረጎመችልኝም። ስድብ ነው፣ ስድብ ደግሞ አስተርጓሚ አይፈልግም። ሲበቃው መሮውን አነሣና በዚያ በሚንቀጠቀጥ እጁ ዘረጋልኝ።

ልጄ ትሬለሩ እንዲቆይ ስልክ ደወለች። በሁለት ቀን የሞላሁትን ኮላ ፈልፍዬ ለማውጣት ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ሰውየው ከዚያ ወዲያ አንድ ቀን እንኳ ከምሳ በኋላ አልተኛም። ከኮላው ጋር ከነጩ ቀለም ሥር ያለው የጦርነቱ ጊዜ ግራጫ ተቀርፎ ሲወድቅ፣ አንዷን ቅራፊ ልጄን አንሺልኝ ብሎ ሸሚዝ ኪሱ ውስጥ ከተታት። መጋጠሚያውን እንደገና በጥጥ ጠቀጠቅሁ፣ በስሱ።

ሐይቁ ወደ ሰሜን ነው፣ በመኪና ከሁለት ሰዓት በላይ ያስኬዳል። በክሬን አውርደው ውሃው ላይ ሲያስቀምጧት በሁለቱም ጎኗ ውሃ ይገባ ጀመር። ክሬኑ ሳይለቃት፣ የገባውን ውሃ የሚያወጣው ፓምፕ ያጉረመርማል። ሰውየው ተረጋግቶ ተቀምጧል፣ እኔ ወዲያ ወዲህ እላለሁ። በማግስቱም እንደዚያው።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ፓምፑ የሚያወጣው ውሃ አጥቶ ዝም አለ። ውስጥ ገብቼ ተንበርክኬ ግራ ጎኗን ዳበስኩ። ርጥብ ነው። መጋጠሚያው ውስጥ ጥፍሬን ላስገባ ሞከርኩ፣ እምቢ አለኝ። ሰውየው ከላይ ሆኖ አንድ ነገር ተናገረ።

"ምን አለ?" አልኳት ልጄን።

"ቀኙንም ሞክረው ነው የሚልህ።"

ሞከርኩት፤ እሱም ጥፍሬን እምቢ አለ።