ከመርዶው የቀደመው ዜና

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት ክረምት መግቢያ ላይ ነው። ወልቂጤ ላይ የቴሌቪዥን ዘጋቢ ሆኜ ስሠራ ብዙ ክፉ ነገር አይቻለሁ። ከሁሉም ከውስጤ አልወጣ ያለኝ ግን ይሄ ነው።

አንድ ጠዋት ወደ ጉንችሬ የሚሄድ ሚኒባስ ከእምድብር አለፍ ብሎ ተገለበጠ። እኔ ስደርስ የሞቱትም የተጎዱትም ከቦታው ተወስደው ነበር። እንደ ልማዴ ተጠነቀቅሁ፤ የሰው ፊት አልቀረጽኩም፣ ስም አልጠራሁም። ሣር ላይ የወደቀ ቢጫ ሹራብ ብቻ ቀረብ ብዬ ቀረጽኩ።

ዜናው ለቀትር ደረሰ። አለቃዬ ደውሎ "ጎበዝ፣ ቀደምናቸው!" አለኝ። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም።

ከሰዓት በኋላ አንድ የማላውቀው ሰው ደወለ።

"ሹራቡን ያሳየኸው አንተ ነህ?"

ሹራቡ የእህቱ ልጅ የትዕግስት ነበር። እናቷ ወይዘሮ ብርቄ በእጃቸው የሠሩላት ነው። ዘመድ ተሰብስቦ በማግስቱ ማለዳ ሊያረዳቸው ሲመካከር፣ እሳቸው ጉንችሬ ሱቃቸው ውስጥ ዜና እያዩ ነበር። ብቻቸውን።

ሰውየው ይህን ነግሮኝ ስልኩን ዘጋው።

በሦስተኛው ቀን ለቅሶ ቤት ሄድኩ። ድንኳኑ ውስጥ ማንነቴን ስናገር አንድ ጎልማሳ ሊያስወጣኝ ብድግ ሲል ወይዘሮ ብርቄ "ተወው፣ ይቀመጥ" አሉ።

አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

"ልጄ፣ መሞቷንማ መስማቴ አይቀርም ነበር" አሉኝ በዝግታ። "ስሰማ ግን የሚይዘኝ ሰው አልነበረም። ጎረቤት እስኪደርስልኝ መሬት ላይ ነበርኩ።"

"ይቅር ይበሉኝ እማማ።"

"እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ። እኔ ገና ነኝ።"

ከዚያ ወዲህ አደጋ ሲደርስ ቤተሰቡ መርዶውን መስማቱን ሳላረጋግጥ ምስል አልልክም። ሌሎች ይቀድሙኛል፤ አለቃዬም ይቆጣል።

ጉንችሬ ለሥራ ስወጣ ሱቃቸው ጎራ እላለሁ። ይቅር ይበሉኝ አይበሉኝ አላውቅም፤ ደግሜም አልጠየቅኋቸውም። ባለፈው ወር ዝናብ ሲይዘኝ ወንበር አወጡልኝ።

"እናት አለችህ?" አሉኝ።

"አለችኝ።"

"እንግዲያ ደውልላት።"

እዚያው ፊታቸው ደወልኩ። እናቴ ያለ ሰዓቴ ስደውልላት "ምን ሆንክ?" ብላ ደነገጠች። "ምንም አልሆንኩም፣ ደህና ነኝ" ማለት እንደዚያን ቀን ከብዶኝ አያውቅም።