ማሩን ማን ጠየቀ

ልብስ ሰፊው ጸሐዩ ሰቆጣ ገበያው ዳር ባለች አንዲት ክፍል ሠላሳ ዓመት መኪናውን ሲረግጥ ኖሯል። ሚስቱ ዝናሽ ከጎኑ ሆና ቁልፍ ትተክላለች፣ ቡናውን ታፈላለታለች። ጎረቤቷ ጥሩሐረግ ስታሽሟጥጥ፣ «ይሄ ሰውዬ ያለ ቡና መርፌ አይነካም፤ አንቺስ እሱ ከሌለ ጀበና ትነኪያለሽ?» ትላት ነበር።

የስኳር በሽታ እንዳለበት የታወቀ ዕለት፣ ጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ሥዕል አሳዩዋቸው። የለስላሳ ጠርሙስ፣ ባለ ክሬም ኬክ፣ ከረሜላ፤ በሁሉም ላይ ቀይ ጭረት። ጸሐዩ በዕድሜው ኬክ የቀመሰው አንድ ጊዜ፣ እሱም በሰው ሠርግ ነው። ሥዕሉን የሣለው ሰው የዋግ ሰው ምን በልቶ እንደሚያድር ጠይቆ አያውቅም።

ዝናሽ ግን ትእዛዙን አከበረች። ቤት ያለውን ስኳር የዚያኑ ቀን ጠራርጋ ለጥሩሐረግ ሰጠች። ጸሐዩ መራራ ቡና አይወርድለትም፤ ስለዚህ ቡናውን ከኮረሪማ ጋር አፍልታ፣ በየሲኒው አንድ ማንኪያ ነጭ ማር ታክልበት ጀመር። ማሩን ወንድሟ ካሤ ነው በገበያ ቀን ከጋዝጊብላ ተሸክሞ የሚያመጣላት። ማር ለሳል ይሰጣል፣ ለቁስል ይቀባል፣ አራስ ይጠግናል። እንዲህ ያለ ነገር ሰው ይጎዳል ብሎ ማን ያስባል?

በየወሩ ለክትትል ሲሄዱ ነርሷ ሩሐማ ከመዝገቧ ቀና ሳትል፣ «ስኳር ትተዋል?» ትለዋለች።

«ትቻለሁ።»

«ጎበዝ።»

የደሙ ስኳር ግን አልወርድ አለ። ኪኒን ጨመሩለት። አሁንም አልወረደም። ቡናዎን በምን ይጠጣሉ ብሎ መጠየቅ ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ኪኒን ለመጨመር የበቃው ጊዜ አፍ ለመክፈት እንዴት ያጥራል?

በሰባተኛው ወር ጸሐዩ መርፌውን ወደ ዝናሽ ዘረጋ። «እስቲ ክሩን አስገቢልኝ። ይቺ መርፌ ዛሬ ዓይኗን ጨፍናብኛለች።»

ዝናሽ ሳቀች። በማግስቱም ዘረጋላት። በሦስተኛው ቀን አልሳቀችም፤ ብርታት ይሆነዋል ብላ ማሩን አበዛችለት።

በዚያው ሰሞን ሩሐማ የተቀደደ የጋዋን ኪስ ልታሰፋ መጣች። ደብረ ታቦር ተወልዳ ለሥራ የተመደበች ልጅ ናት፤ ከሰው ቤት ገብታ ስትቀመጥ የመጀመሪያዋ ነበር። ዝናሽ ሲኒ አቀበለቻት። ሩሐማ አንዴ ፉት ብላ ቆም አለች።

«እናቴ፣ ይሄ ምን አለበት?»

«የጋዝጊብላ ማር ነዋ። ለእንግዳ ይነፈጋል?»

«ጋሽ ጸሐዩም ይሄንኑ ነው የሚጠጡት?»

«ታዲያስ። በቀን አራት ሲኒ። ስኳር ከዚህ ቤት ከወጣ ሰባት ወሩ።»

ሩሐማ ሲኒውን መሬት አስቀመጠች። «ማርም ደም ውስጥ ሲገባ ያው እንደ ስኳሩ ነው፣ እናቴ።»

ዝናሽ ባሏን አየችው። እሱ የሩሐማን ጋዋን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግቶ ቀዳዳውን በጣቱ እየፈለገ ነበር።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽንም፣ ልጄ?» አለች ዝናሽ።

«አልጠየቅኋችሁም» አለች ሩሐማ።

የዓይን ሐኪም ዘንድ ይዛቸው የሄደችው እሷው ናት። ስኳሩ ቀኝ ዓይኑን አጥፍቶታል። ግራው በብዥታ ያያል፤ ካለበት አይሻልም፤ ብቻ ከዚያ እንዳይብስ ይጠበቅ ተባለ። ሩሐማ ከዚያ ወዲህ ቤታቸው እየመጣች ለዝናሽ አሳየቻት፦ ቡናው ከቀረፋና ከኮረሪማ ጋር ይፈላል፤ ወተት ካማረው ቅባቱ ተገፎ ጠብ ይደረግለታል፤ ሌላ ምንም። ሰባት ወር ዘግይቶ የመጣ ትምህርት።

ዝናሽ እንደተባለችው አፍልታ ሰጠችው። ጸሐዩ ሲኒውን ዳብሶ አገኘና ጠጣ።

«ይጥማል» አለ።

«ልታጽናናኝ ነው።»

«ሙቺ፣ አልዋሸሁም። ቀረፋው ነው መሰለኝ። ለካ ማሩ አያስፈልገውም ኖሯል።»

ሸክሟን ሊያቀልላት ብሎ ነው። ዝናሽ ግን አንገቷን ደፍታ ወደ ስፌት መኪናው ሄደች፤ የክሩን ጫፍ በምራቋ አርጥባ መርፌው ውስጥ አስገባች። የሚሰፋበት ሰው እንደሌለ ትዝ ሲላት መልሳ መዘዘችው።