ከሪማ ያጠባችው ልጅ

ከሪማ ኮምቦልቻ ባለ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የተበጠሰ ክር ስትቀጥል ነው ጠጉሯ የሸበተው። ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ ደብተሯን ሸጉጣ ስምንተኛ ክፍል ትማራለች። ጎረቤቱ ይስቃል፤ እሷ ግን ደረቅ ናት፣ ከጀመረች አትመለስም።

ሰሞኑን እንቅልፍ የነሳት ሌላ ነገር ነበር። ደሴ የምትማረው ልጇ ፋኢዛ እዚያው ተዋውቃ ለኒካሕ የመረጠችው ሀፊዝ ሊተዋወቃት መጥቶ የእናቱን ስም ሲጠራ ክው አለች። ራሂማ! የድሮ ጎረቤቷ ራሂማ በወሊድ ስትሞት፣ አያቱ ከደጋን ከተማ መጥታ እስክትወስደው ድረስ ሕፃኑን ከፋኢዛ እኩል ያጠባችው እሷው ነበረች። ከአንድ ጡት የጠቡ ደግሞ በሸሪዓው ወንድምና እህት ናቸው፤ ኒካሕ አይታሰርላቸውም። ያንን የሚያውቁት ሁሉ አልፈዋል። ፋኢዛ በደስታ ስትፍለቀለቅ ስታይ እናት አንጀቷ አልቻለም። «ወተቱ ድሮ ደርቋል» እያለች ራሷን ታታልል ጀመር።

በዚያ ቅዳሜ መምህር ጸጋው ስለ እንስሳት ምደባ ያስተምር ነበር።

«ላምም፣ የሌሊት ወፍም፣ እኛም በሳይንስ ስማችን ማሜሊያ ነው። ማማ በላቲን ጡት ማለት ነው። የጥንት ሊቃውንት እነዚህን እንስሳት ባለ አራት እግር ይሏቸው ነበር። ኋላ አንድ ስዊድናዊ እግር መቁጠሩን ተወና ስሙን ከጡት አወጣው። ዓሣ ነባሪ እንኳ ባሕር ውስጥ እየኖረች፣ ስለምታጠባ ከእኛ ጋር ተመደበች።»

ከሪማ እጇን አወጣች። «ወተቷ ሲደርቅስ፣ መምህር? ከአጥቢነት ትወጣለች?»

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ጸጋው ግን አልሳቀም። «አትወጣም፣ እትዬ ከሪማ። ምደባው አይለወጥም።»

ከሪማ ከዚያ ወዲያ የተባለውን አልሰማችም። የውጭ አገር ሰው እንኳ ያከበረውን ጡት እኔ ልክደው ነው ወይ ብላ በራሷ አፈረች።

በማግስቱ ፋኢዛና ሀፊዝ ከደሴ ሲመጡ አስቀመጠቻቸው።

«ወላሂ፣ ሁለታችሁንም ያጠባሁ እኔ ነኝ» አለች። «ሀፊዝ፣ እናትህ የሞተች ጊዜ ጡቴን ሰጥቼሃለሁ። ወንድሟ ነህ።»

ፋኢዛ «ኧረ ባላህ፣ እማ!» ብላ ፊቷን በሻርፗ ሸፍና ወደ ጓዳ ሮጠች። ሀፊዝ ከተቀመጠበት አልተነሳም።

«እኔ እኮ እናት የለኝም እያልኩ ነው ያደግሁት» አላት።

ከሪማ እጇን ልትዘረጋለት ፈለገች። የልጇ ለቅሶ ከጓዳ እየተሰማት «ልጄ» ማለት አቃታት።