ሙጫ የሌለው አደይ

እትዬ ጥሩወርቅ እንቁጣጣሽ ሦስት ቀን ሲቀረው ተለዩን። የወረቀት አደይ የሚሞሉበት ቅርጫት ገና ግማሽ ነበር። ደብረ ማርቆስ የምታውቋቸው ሁሉ ትመሰክራላችሁ፤ እኒህ ሴት በሕይወታቸውም ቢሆን ለሰው የሚመች ጊዜ መርጠው አያውቁም።

ጎረቤታቸው ሆኜ ዐሥራ አንድ ክረምት አብሬያቸው ወረቀት አጥፌያለሁ። ያለቀ የተማሪ ደብተር ይሰበስቡና በእርድ ውሃ ይነክሩታል፤ ሲደርቅ እያጠፉ ባለ ስምንት ቅጠል አበባ ያደርጉታል። ቀረብ ብሎ ላየው፣ ቅጠሉ ላይ የማባዛት ሰንጠረዥ ይነበባል። መቀስ ክልክል፣ ሙጫ ክልክል። የሠራሁትን አንስተው ወደ መስኮቱ ያዞሩትና «ፍቺው» ይላሉ። ዐሥራ አንድ ዓመት «ፍቺው»። አንዲት ቀን «ይሁን» ቢሉኝ ምን ይጎድልባቸው ነበር?

አንድ ጊዜ ትዕግሥቴ አልቆ፣ ሜዳው ሁሉ አደይ ለብሶ ሳለ በወረቀት ምን እንደሚያለፋን ጠየቅኋቸው። «ሜዳው ሆስፒታል አይገባም» አሉኝ። ለካ በዓመት በዓሉ ጠዋት ሆስፒታል ለተኙት በየአልጋቸው አንድ አንድ የሚያድሉት ለዚህ ነው። ሙጫውንስ ብላቸው፣ «የተጣበቀ አይታረምም» ብለው ዘጉት። ከዚያ በላይ ማብራሪያ ከእሳቸው አይጠበቅም።

ከቀብር ስመለስ፣ የእሳቸው በሽተኞች ያለ አበባ አይውሉም ብዬ የጎደለውን ልሞላ ተቀመጥኩ። ሃያ ሲቀረኝ ጣቴ ዛለ፤ እውነቱን ልናገር፣ ሙጫ አወጣሁ። «ፍቺው» የሚለኝ የለም ብዬም ትንሽ ደስ አለኝ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

በእንቁጣጣሽ ጠዋት ቅርጫቱን ይዤ ሆስፒታል ገባሁ። ዳሌዋ ተሰብሮ ክረምቱን የተኛች አንዲት የሉማሜ እናት አበባዋን ተቀብላ አገላበጠችና ጫፉን ሳብ አደረገችው። ተቀደደ። ደንግጣ እኔን ይቅርታ ጠየቀችኝ። ለካ እትዬ ጥሩወርቅ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄዱ፣ አበባውን ፈትቶ መልሶ ማጠፍ አስተምረዋታል። ከትራሷ ሥር የእሳቸውን አውጥታ አሳየችኝ፤ ከመታጠፍ ብዛት ጨርቅ መስሏል።

«ጠያቂ የለኝም» አለችኝ፤ «እሱን ስፈታና ሳጥፍ ይመሽልኛል።»

ዐሥራ አንድ ዓመት ስንነታረክ፣ እትዬ ይህችን መናገር ከበዳቸው? ሙጫ የነካቸውን ከየአልጋው ለቀምኩ። ቅርጫቱ ሥር በቀረው ወረቀት እዚያው ተቀምጬ እንደገና ሠራሁ። የሉማሜዋ እናት አገዘችኝ። ከሠራኋቸው ሁለቱን አንስታ ወደ መስኮቱ አዞረችና «ፍቺው» አለችኝ።

እትዬ ጥሩወርቅ፣ አሁንስ ይረፉ፤ እኔንም ያሳርፉኝ። በሽተኞችዎ ሁሉ ደርሷቸዋል። መቃብርዎ ላይ አንድ አደይ አስቀምጫለሁ። አንደኛዋ ቅጠል ጠመም ብላለች፤ አይቻታለሁ፣ ደክሞኝ ተውኳት። ሙጫ ግን የለውም። ካልወደዱት ይፍቱት።