ወፍ የምታርፍበት ቅርንጫፍ

ጤቤ በሮቤ ከተማ ገበያ ጫፍ፣ ከመስጊዱ አጥር ሥር ጆንያ አንጥፋ የወይራ መፋቂያ ትሸጥ ነበር። ባሏ ዲኖ ሦስት ልጅ ጥሎባት ሲሞት የጀመረችው ሥራ ነው። ዲኖን የቀበሩት ከከተማው በላይ፣ ቀይ አፈር ካለው ኮረብታ ላይ ነው። ራስጌው አንድ ወይራ ቆሟል። በእኛ አገር የመቃብር ዛፍ አይነካም፤ የደረቀው እንኳ ለማገዶ አይለቀምም።

መፋቂያውን የምትቆርጠው ከሲናና መንገድ ወረድ ብሎ ካለ ገደል ነበር። ስንዴው ሜዳውን ሁሉ ስለዋጠው ወይራ የተረፈው እዚያ ብቻ ነው። አንድ ቀን ተከትያት ወረድኩ። ቢስሚላሂ ብላ የትንሽ ጣት ውፍረት ያለውን ትመርጣለች፤ ከአንድ ዛፍ ከአምስት አታስበልጥም፤ ቁስሉን ጭቃ ትቀባዋለች፤ ሁለት ክረምት ሳያልፍ ወደዚያ ዛፍ አትመለስም። ጫፉን ፈጽሞ አትነካም።

"ወፍ የምታርፍበት ቅርንጫፍ አይቆረጥም፤ አማቴ ናት ያስተማረችኝ" አለችኝ።

"ለምን?"

"ወፏ ፍሬውን በልታ ሌላ ቦታ ትጥለዋለቻ! የምትተክልልኝ እሷ አይደለች?"

ሠላሳ ዓመት ባዮሎጂ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የቀሰምኩትን በአንድ ትንፋሽ ነገረችኝ። ያን ጊዜ ሰምቼ ቢሆን ኖሮ!

ሚሊኒየሙ በተከበረበት ዓመት፣ በሰኔ፣ አንድ ትምህርት ቤት ለአካባቢ ጥበቃ ቀን ንግግር እንዳደርግ ጠራኝ። መንገድ ላይ ከቦይ ያነሳሁትን ያረጀ የፕላስቲክ የጥርስ ብሩሽ ከፍ አድርጌ አሳየኋቸው።

"ይህ ብሩሽ የልጅ ልጆቼ ከሞቱ በኋላም እዚያ ቦይ ውስጥ ይኖራል። መፋቂያ ግን ለከርሞ አፈር ነው። ወደ መፋቂያችን እንመለስ!"

ጭብጨባው አዳራሹን ናጠው። ዛሬ ሳስታውሰው የመጥረቢያ ድምፅ ይመስለኛል።

በማግስቱ እየተኩራራሁ ጤቤ ዘንድ ሄድኩ።

"አከም ቡልተ፣ ጤቤ! ገበያ አመጣሁልሽ።"

"ስንት ሰው?"

"ተማሪው ብቻ ሁለት ሺህ!"

ቢላዋዋን አስቀመጠች። "ሁለት ሺህ አፍ! መምህር፣ ዛፉንስ ቆጥረውታል?"

"አንቺ ደግሞ፣ ደንበኛ ሲመጣልሽ ታኮርፊያለሽ?"

"አርባ ሦስት ናቸው። አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ። ምላስዎ መጥረቢያ እንዳይሆን ነው የፈራሁት።"

ሳቅሁ።

ከዚያ በኋላ ያመጣችው መፋቂያ ሳይረፍድ ያልቅ ጀመር። ጨምሪ ቢሏት "የለም" አለች። ፊት ለፊቷ ሱቅ ያለው ሳላሀዲን ግን "ዛፉ የእሷ ነው እንዴ?" ብሎ ባለመጥረቢያ ወደ ገደሉ ላከ። መፋቂያውን አሥር አሥሩን በፌስታል ጠቅልሎ ከብሩሾቹ ጎን ሰቀለው። በፌስታል! ከሱቁ ደጃፍ ቆሞም ይተርባት ነበር።

"ጤቤ! አንቺ ለወፍ ስታዝኚ ወፏ ገበያሽን በላችው!"

"መጀመሪያ የእኔን ትብላ፤ ቀጥሎ ወዳንተ ትመጣለች" ትለዋለች፣ ቀና ሳትል።

ረመዳን ሲገባ ጾመኛው ሁሉ መፋቂያ ስለሚይዝ ፈላጊው በእጥፍ ጨመረ። በጥቅምት አብረን ወደ ገደሉ ወረድን። ገና ከአፋፉ ላይ አንድ ነገር እንደጎደለ ታወቀኝ፤ የወፍ ድምፅ አልነበረም። ታች ያለው ሁሉ ጉቶ ነው። ሥሩ ድረስ የተላጠም ነበር። ጤቤ ጭቃ ዘግና ወደ አንዱ ጎንበስ አለች፤ ከዚያ ተወችው። ጉቶው ከመዳፏ ይሰፋ ነበር።

"አርባ ሦስት" አለች። ሰው ክፉ ሲሠራ ቢያንስ ይፈራል፤ ደግ እየሠራሁ ነው ብሎ ሲያጠፋ ግን ማን ያስቆመዋል?

ለሁለት ሳምንት ከገበያ ጠፋች። ሳላሀዲን መፋቂያው ሲያልቅበት ብሩሹን ወደ ፊት አወጣ፤ ሕዝቡም ያንኑ ገዛ። ንግግሬ ተረሳ።

አንድ ዓርብ ጠዋት ጆንያዋ ተነጥፎ አየሁ። ፊቷ ያለው አንድ እስር ብቻ ነው። አንዱን መዝዛ ሰጠችኝ፤ ጥርሴ መሐል አስገባሁት። መራራነቱ ያው የጥንቱ ነው።

"ከየት አገኘሽ?"

ወደ ሳላሀዲን ሱቅ አሻግራ አየች።

"ጤቤ?"

"ከዲኖ ራስጌ።" ድምፅዋ በጭንቅ ይሰማል። "ዱቄት አልቆብኛል፣ መምህር። አውፍ በለኝ ብዬው ነው የቆረጥኩት። ጭቃም ቀብቼዋለሁ። ጫፉን አልነካሁም።"

መፋቂያው አፌ ውስጥ ቀረ።

ይኼኔ ሳላሀዲን መንገዱን ተሻግሮ መጣ። እስሩን አንስቶ አገላበጠው።

"ማሻ አላህ! ይሄ ደግሞ ከየት ተገኘ?"

ጤቤ እግሮቿን ወደ ቀሚሷ ሥር ሰበሰበች። ዘግይታለች። የገበያችን አፈር ጥቁር ነው፤ ጫማዋ ላይ የደረቀው ጭቃ ግን እንደ መቃብሩ ኮረብታ ቀይ ነበር፤ ሳላሀዲንም የሚያየው እሱን ነው።