የኢርፋን ቡጢና መሐላው

ምን አለሽ ተራ ላይ የቡጢ ክርክር ከተነሳ ሥራ ፈት ሁሉ ዳኛ ነው። እኔም አንዱ ነኝ፤ ቢሆንም እኔ ቢያንስ ኢርፋን ሲመታ አይቻለሁ።

ኢርፋን ከአባቱ ከጋሼ ሙነወር ጋር ከሱቄ ፊት ለፊት ከአሮጌ በርሜል ምድጃ ይሠራል። ቀጭን ነው፤ ሲያዩት ንፋስ የሚጥለው ይመስላል። የቦክስ ክለብ ጓደኛው ኢልያስ ግን ክንዱ የእኔን ጭን ያህላል። ኢልያስ ሲመታ ጨርቅ የተጠቀጠቀበት ጆንያ ተወዛውዞ ግድግዳ ይነካል፣ ሰውም ያጨበጭባል። ኢርፋን ሲመታው ጆንያው ከቦታው ብዙም አይሄድም፤ መሃሉ ላይ እጥፍ ይላል። ኢልያስ ይገፋል፣ ኢርፋን ይመታል። ይህን ለሰፈሬ ሰው ማስረዳት አቅቶኝ ስንቴ ተኳርፌያለሁ! የኢርፋን ቡጢ ከተረከዙ ይነሳል፣ ዳሌው ያዞረዋል፣ ትከሻው ላላ ብሎ ያሳልፈዋል፤ ጣቶቹ የሚጨበጡት ሊያርፍ ሲል ብቻ ነው። ደግሞ ተጋጣሚው ወደ እሱ እስኪራመድ ይጠብቃል። ሰው የሚወድቀው መምጣቱን ባላየው ቡጢ ነው።

መዘዝ ያመጣበትም ይኸው ቡጢ ነው። ከስድስት ዓመት በፊት ባህረዲን የሚባል የዱባይ ተራ ጫማ ነጋዴ፣ ምድጃችሁ መንገድ ዘጋብኝ ብሎ ጋሼ ሙነወርን ገፍትሮ ጣላቸው። ኢርፋን አንዴ ብቻ መታው። የባህረዲን መንጋጋ ተሰበረ። ሽማግሌ ገባ፣ እርቅ ወረደ። ኢርፋንም በመንገድም ሆነ በሪንግ፣ ባህረዲን ራሱ እስኪፈቅድለት ድረስ፣ ሰው ላይ እጁን ላያነሳ በቁርኣን ማለ። ባህረዲን ሱቅ ዝር እንዳይልም ተነገረው።

ከዚያ ወዲህ ክለብ የሚሄደው ለኢልያስ የቡጢ መለማመጃ ፓድ ለመያዝ ነው። የሌላውን ሰው ቡጢ በመዳፉ እየተቀበለ፣ «ተረከዝህን አንሳ፣ ትከሻህን ልቀቀው» ይለዋል። ኢልያስ መማሩን ተማረ፤ የከተማው ሻምፒዮን ሆነ። ኢርፋን ፎጣ ይዞ ጥግ ላይ ቆሞ አየው። በማግስቱ ያቺ ሁለት ሰው የማታሳልፍ የአባቱ ሱቅ ውስጥ ገብቶ ቆርቆሮ ሲቀጠቅጥ ሳየው አንጀቴን በላኝ።

«ሂድና ለምነው!» ብዬ እጮህበታለሁ።

«በምን ዓይኔ አየዋለሁ?» ይለኛል።

ዘንድሮ አሠልጣኙ ቁርጡን ነገረው፤ አሁን ለውድድር ካልተመዘገበ ዕድሜው ያልፍበታል። ኢርፋን እጁን ታጥቦ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ «አብረኸኝ ና» አለኝ።

ባህረዲን በጫማ ካርቶን ተከቦ ተቀምጧል። ኢርፋን በሩ ላይ ቆሞ፣ «ጋሼ ባህረዲን፣ አፉ ይበሉኝ። መሐላውን ይፍቱልኝ» አለ።

ሰውየው ግራ ተጋብቶ አየው። «እሱንማ በዚያው ዓመት፣ በአረፋ ዕለት ፈታሁልህ እኮ። አባትህ ዘንድ ሄጄ፣ ልጁ ይጫወት፣ ጥፋቱ የእኔም ነው አልኳቸው። አልነገሩህም እንዴ? እኔ ቦክሱን ራስህ የተውከው መስሎኝ!»

ኢርፋን እየተጣደፈ ወደ ሱቃቸው ተመለሰ፤ እኔም ከኋላው ተከተልኩ። ጋሼ ሙነወር ትልቅ ቆርቆሮ በጉልበታቸው ደግፈው ለማጠፍ ይታገላሉ። ኢርፋን በላያቸው ቆመ። እውነቱን ልናገር፣ ፈራሁ።

«አባባ፣ ባህረዲን መጥቶ ነበር?»

«መጥቷል» አሉ፣ ቀና ሳይሉ።

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ዛሬ ነገ ስል...» አሉና ቆርቆሮውን ደግመው ተጫኑት። ከዚያ፣ «ቡጢህን ከእነዚህ ሁሉ ወሬኞች በላይ የማውቀው እኔ ነኝ። ዓይኔ እያየ ነው ያንን ትልቅ ሰው የጣልከው። የምትሸነፍ ብትሆን ኖሮ በዚያው ቀን እነግርህ ነበር፤ ተሸንፈህ ትመለስልኝ ነበር። አንተ ግን ታሸንፋለህ። ያሸነፈ ልጅ ደግሞ እዚህ ጉድጓድ ምን ብሎ ይመለሳል?» አሉ።

እጃቸው ዛለና ቆርቆሮው ተንሸራተተ፤ ኢርፋን ጎንበስ ብሎ ያዘው።

«እንግዲህ ተፈትተሃል» አሉ ጋሼ ሙነወር። «ትሄዳለህ?»

«ይሄን ማን ይይዝልዎታል?» አለና መዶሻውን አነሳ።