ፍትጊያ የሌለበት ዳገት

ፍትጊያ የሌለበት ዳገት የለም ብዬ ሁለት ክረምት ፊዚክስ ወደቅሁ። ማንንም አልወቅስም፤ እልኼ ነው የጣለኝ። ጥያቄው «አንድ ዕቃ ፍትጊያ በሌለው ተዳፋት ላይ ይንሸራተታል» ብሎ ሲጀምር ደሜ ይፈላል። ተወልጄ ያደግሁት፣ ዛሬም የማስተምረው ኦቾሎ ነው፤ ከዓባያ ሐይቅ በላይ ሸንተረሩ ላይ። ስለ ዳገት ከእኔ ጉልበት የተሻለ የሚያውቅ የለም። በመጀመሪያው ፈተና ስሌቱን ትቼ «እንዲህ ያለ ዳገት አላየሁም» ብዬ ጻፍኩ። በሁለተኛው ፍትጊያውን ከራሴ ገምቼ ጨመርኩበት። ሁለቱንም ጊዜ ኤፍ ተሰጠኝ።

እኛ የመጀመሪያ ደረጃ አስተማሪዎች ክረምት ላይ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ወደ አርባ ምንጭ እየወረድን ለዲግሪ እንማራለን። ደንቡ ደግሞ ግልጽ ነው፤ አንድን ኮርስ ሦስት ጊዜ የወደቀ ይሰናበታል። አራት ክረምት ሙሉ ከቤቴ ርቄ የተማርኩት ሁሉ በአንድ ዳገት ሊቀር ነው ማለት ነው። ባለቤቴ ሸማኔ ነው። እኔ በሌለሁበት ቤቱንም ልጆቹንም ሸማውንም ብቻውን ይዞ ይከርማል። ለሦስተኛ ጊዜ ልፈተን ስወርድ ሲሸኘኝ «ዘንድሮ አትከራከሪያቸው፣ መልሱን ብቻ ጻፊላቸው» አለኝ። ተናደድኩ። እውነቱን ስለተናገረ ነው የተናደድኩት።

በዚያ ክረምት ዶርም የምንጋራው ላንቴ ከሚባል የቆላ ቀበሌ የመጣች አንዲት አስተማሪ ነበረች፤ የሙዝ ገበሬ ልጅ፣ ጨዋታ አዋቂ። አንድ ቀን ከምሳ ስንመለስ ዝናብ ዘንቦ ቀዩ ጭቃ እንደ ሳሙና ሆኖ ነበር። እግሬ ከዳኝና በመቀመጫዬ ቁልቁል ሄድኩ። የሚይዘኝ ነገር አልነበረም፤ ታች ለጥ ያለው ሣር ላይ ደርሼ ነው የቆምኩት። ጓደኛዬ ከላይ ሆና ሆዷን ይዛ ትስቃለች። «አንቺ ሴትዮ፣ ፍትጊያው የታለ?» አለችኝ።

እዚያው ጭቃው ላይ ተቀምጬ ልጅነቴ መጣብኝ። ኦቾሎ ዝናብ ሲያባራ እኛ ልጆች ከእንሰት ግንድ እርጥቡን ልጣጭ እንገነጥልና እሱ ላይ ተቀምጠን ከአንዲት ጠፍጣፋ ድንጋይ ቁልቁል እንንሸራተት ነበር። መንገዱ ሁለት ነው፤ አንዱ ቀጥ ያለ፣ አንዱ ዞር ብሎ ጋደል ያለ። በቀጥተኛው የሄደ ሁልጊዜ ይቀድማል። ግን በየትኛውም እንሂድ፣ ታች ሜዳው ላይ የምንቆመው አንዲት የግራር ጉቶ አጠገብ ነው። በቀጥተኛው የሄደው «ከአንተ ራቅ ብዬ መቆም ነበረብኝ» እያለ ይጣላል። እኔም ስንቱን ተጣልቻለሁ። ለካ መንገዱ ሳይሆን ከፍታው ነበር የሚቆጠረው። ባለፉት ክረምቶች በክፍል እንደሰማሁት፣ ከላይ ይዘን የተነሣነው ኢነርጂ አንድ ነው፤ ታችም ወደ ፍጥነት ሲለወጥ አንድ ነው። ሁለት ክረምት የተጣላሁትን ነገር በስምንት ዓመቴ አውቀው ነበር።

በፈተናው ጥያቄው ያው ዳገት ሆኖ መጣ፤ መጀመሪያ ቀጥ ያለ፣ ከዚያ ጋደል ያለ፣ ጠቅላላ ከፍታው አምስት ሜትር፣ ፍትጊያ የለም፤ ታች ሲደርስ ፍጥነቱ ስንት ነው? ሌላው ሰው ፎርስ እየበተነ፣ አንግል እያሰላ ሁለት ገጽ ሞላ። እኔ ሦስት መስመር ጻፍኩ። የላይኛው የከፍታ ኢነርጂ ከታችኛው የፍጥነት ኢነርጂ ጋር እኩል ነው። የዕቃው ክብደት ከሁለቱም ወገን ይሰረዛል። ፍጥነቱ አሥር ሜትር በሰከንድ። እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ወጣሁ፤ ደስታዬ ግን ሳምንትም አልቆየም።

መምህራችን ከሰሜን የመጣ፣ በዚያ ክረምት የተመደበልን ወጣት ነው። ቢሮው አስጠራኝ። ወረቀቴ ላይ በቀይ ዜሮ ተጽፏል።

«ይቀመጡ» አለኝ። «ኢነርጂ ገና አላስተማርኩም። ሁለት ጊዜ ወድቀው በሦስት መስመር ትክክለኛውን መልስ ጻፉ። አጠገብዎ የተቀመጠችው የላንቴዋ መምህርትም መልሷ አሥር ነው።»

ኮረጅሽ ማለቱ ነው። በዚህ ዕድሜዬ፣ ልጄ ሊሆን በሚችል ሰው። ለራሴ ብቻ ቢሆን ትቼው እወጣ ነበር፤ ጓደኛዬንም ይዤያት ልወድቅ ነው። ባለቤቴ አትከራከሪ ያለኝ ትዝ አለኝ፤ አልሰማሁትም።

«አልቀመጥም» አልኩት። «ቆሜ ሌላ ዳገት ይስጡኝ።»

ተነሥቶ ሰሌዳው ላይ ጠመዝማዛ ዳገት ሣለ። ከፍታው ሃያ ሜትር፣ አንግል የለውም። ጠመኔውን ተቀብዬ ሃያ ሜትር በሰከንድ ብዬ ጻፍኩ።

«ዕቃው እጥፍ ቢከብድስ?»

«ያው ነው። ይሰረዛል።»

ሲጠይቀኝ ድምፁ ለሰለሰ። «እሺ፣ ከአንድ ከፍታ ሁለት ዕቃ ተለቀቀ፤ አንዱ ቀጥ ባለው፣ አንዱ በጋደለው። የትኛው ቀድሞ ይደርሳል?»

ወጥመዱን አየሁት። ፍጥነታቸው እኩል ነውና አብረው ይደርሳሉ እንድል ነው።

«ታች ሲደርሱ ፍጥነታቸው እኩል ነው» አልኩ። «ቀድሞ የሚደርሰው ግን ቀጥ ባለው የሄደው ነው። ይህን ማንም አልነገረኝም፤ ቂጤን ያሳመመኝ የእንሰት ልጣጭ ነው ያስተማረኝ።»

ከዚያ የእንሰቱንም፣ የድንጋይዋንም፣ የጉቶዋንም ነገር አንድ በአንድ ነገርኩት። ሳይስቅ ሰማኝ። ቀዩን እስክሪብቶ አንሥቶ ዜሮውን ሰረዘና ሙሉ ማርክ ጻፈ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ። «ኢነርጂን ሰኞ ስጀምር እንሰቱን እርስዎ ይነግሯቸዋል።» ነገርኳቸው፤ ክፍሉ ሁሉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ክረምቱ ሲያልቅ ኮርሱን ቢ አግኝቼ አለፍኩ።

ኦቾሎ የደረስኩ ዕለት ዝናብ አባርቶ ነበር። ባለቤቴ መንገድ ድረስ ወጥቶ ጠበቀኝ። «አለፍሽ?» አለኝ። ቦርሳዬን አስያዝኩትና ከጓሯችን የእንሰት ልጣጭ ገነጠልኩ። አንድ ነገር አሁንም ልቤን ይበላው ነበር፤ ክብደት ይሰረዛል ብዬ በሰሌዳ ጽፌያለሁ፣ በራሴ ግን አላየሁትም። ያኔ አንድ ፍሬ ልጅ ነበርኩ፤ አሁን አርባ ስድስት ዓመቴ ነው፣ ሰውነቴም አራት ልጅ ወልዶ ገዝፏል።

«ኧረ ተይ፣ ሰው ያይሻል» አለኝ።

«ይየኝ» አልኩት። ከጠፍጣፋዋ ድንጋይ ላይ ልጣጩን አንጥፌ ተቀመጥኩ፤ ጎረቤቶቻችን ከየደጃፋቸው ወጡ። ቀጥ ባለው መንገድ ሄድኩ። ነፋሱ ነጠላዬን ወሰደው፤ ሜዳው ተቀበለኝና ቀስ በቀስ አቆመኝ። እጄን ብዘረጋ ጉቶዋን ነካሁ።

ባለቤቴ ነጠላዬን ይዞ እየሮጠ ወረደ። «ምን ሆነሻል?» አለኝ።

«አልፌያለሁ» አልኩት።